ሂጂ ካላት በኋላ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እጮኛሽ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ጓደኞቻችሁ ሁሉ ዙሪያውን በቆሙበት፣ ‹‹እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺ ሂጂ፤ ይህን ሁሉ ብር ከፍለሽ አትቅሪ›› ቢልሽ ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ? ቶሎ አትመልሺ። አንተም ብትሆን ቶሎ አትፍረድ። በዚህች ጥያቄ የተነሳ ሁለት ጊዜ ቀን የተቆረጠለት ሠርግ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ስድስት የነበርነው ጓደኛሞችም ዛሬ ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማኪያቶ የምንጠጣ ሰዎች አይደለንም።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ሕንድ አገር፣ ከማናሊ ወደ ላዳክ በሚወስደው መንገድ ነው። አራታችን ከአዲስ አበባ ሄድን። ሁለቱ እዚያው ዴልሂ ማስተርሳቸውን የሚማሩ ናቸው፤ አንዱ የሷ እጮኛ፣ አንዷ የፋርማሲ ተማሪ። ጉዞውን ያቀደው እጮኛዋ ነው። ምክንያቱም እሷ ‹‹ስሪ ኢዲየትስ›› የተባለውን የ2009 (እ.ኤ.አ.) የሕንድ ፊልም ካየች ጀምሮ፣ የመጨረሻው ትዕይንት የተቀረጸበትን ያንን ሰማያዊ ሐይቅ ሳላይ አላገባም ትል ነበር። ፓንጎንግ ይባላል። በቀልድ ነበር የምትለው፤ እሱ ግን የምሩን ወሰደው።

በረሃ ሲባል እኛ ትዝ የሚለን አዋሽ ነው፣ አፋር ነው፣ ዳሎል ነው። ሙቀት፣ ቆላ፣ ላብ። የላዳክ በረሃ ሰማይ ላይ የተሰቀለ በረሃ ነው። ዋና ከተማው ሌህ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ዝናቡ ግን በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ደመናውን የሂማላያ ተራራ በደቡብ በኩል ጠብቆ ያስቀረዋል። ዛፍ የሚታየው ወንዝ ዳር ብቻ ነው። የቀረው ድንጋይ፣ አሸዋና አፈር ሲሆን ቀለሙ ግን ወይን ጠጅም፣ ቢጫም፣ አመድማም ይሆናል። ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ ማታ ውርጩ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በነሐሴ!

እንግዲህ ከፍታውን ልብ በሉልኝ። የኛ ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ነው። በዚያ መንገድ ላይ መኪና የሚያልፍበት ታንግላንግ ላ የሚባለው በር ከ5,300 ሜትር በላይ ነው። ‹‹ላ›› በነሱ ቋንቋ የተራራ በር ማለት ነው። አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ 4,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትስቡት ኦክስጅን ከባህር ዳርቻው 60 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ሰውነት ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ ጊዜ ካልሰጡት ግን ይቀየማል። በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣት። ከባሰ ወይ ሳምባ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፣ ወይ አንጎል ያብጣል። ያን ጊዜ ቀልድ የለም፤ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይሞታል።

ይህንን የፋርማሲዋ ልጅ ገና ዴልሂ ሳለን ነግራናለች። እሱ ሳቀ። ‹‹የደጋ ልጅ ነኝ እኮ! እንጦጦ ላይ ኳስ እየተጫወትኩ ነው ያደግኩት›› አለ። ብዙዎቻችን እንዲህ እናስባለን፤ መነሻ የለውምም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሲንቲያ ቢል ጥናት፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የሀገራችን ደገኞች በደማቸው ያለው ኦክስጅን ከባህር ጠለል ነዋሪ እንደማይለይ አሳይቷል፤ ፈረንጆቹ ተገርመዋል። ነገር ግን እነዚያ ገበሬዎች ናቸው፤ ተወልደው፣ አርሰው፣ አርጅተው እዚያው የሚኖሩ። የኛ ሰው ደግሞ ከባህር ጠለል 200 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ በምትለው ዴልሂ ሁለት ዓመት ሙሉ ኖሯል። አዲስ አበባ የሰጠችውን መላመድ ሰውነቱ በሳምንታት ውስጥ ነው የረሳው። የእንጦጦ ኳስ ባንክ ውስጥ አይቀመጥም።

ማናሊ 2,050 ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ጂስፓ የምትባል መንደር፣ 3,200 ሜትር ላይ፣ አንድ ሌሊት ማደር ነበር። ዱሮ ሮታንግ የተባለውን በር ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ9 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ተከፍቶ መንገዱ አጠረ። ማጠሩ ነው ጣጣው። ምሳ ሰዓት ላይ ጂስፓ ደርሰን ቁጭ አልን። ‹‹ገና በቀን ምን እንሠራለን? ሳርቹ እንደር፤ አንድ ቀን እናተርፋለን›› ተባለ። ድምፅ ተሰጠ፤ አራት ለሁለት። ‹‹እዚሁ እንደር›› ያልነው የፋርማሲዋ ልጅና እኔ ብቻ ነን። ሳርቹ 4,290 ሜትር ነው። በዲሞክራሲ ነው የወጣነው።

በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ጠይቃዋለች፤ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሰምቻለሁ። ባራላቻ ላ የሚባለው በር ላይ፣ ‹‹አሞሃል እንዴ?›› ‹‹ፀሐይ ነው።›› ድንኳኑ ጋ ስንደርስ፣ ‹‹ፊትህ ልክ አይደለም።›› ‹‹ደክሞኝ ነው፤ አታካብጂ።›› እራት ላይ ሩዙን ሲገፋው፣ ‹‹ውዴ፣ በናትህ እውነቱን ንገረኝ?›› ‹‹ሆዴ ነው አልኩሽ!›› ጮክ ብሎ ነበር፤ እሷም አፈረችና ዝም አለች። ሌሊት ወጥቶ አስመልሶ፣ ማንም እንዳያይበት ጠጠር አልብሶበት ተመልሶ ተኛ። ይህን ራሱ ነው በኋላ የነገረን።

ጠዋት ከድንኳን ሲወጣ ይንገዳገዳል። ከመካከላችን አንዱ፣ ‹‹ደብቆ ጠጥቶ ነው እንጂ!›› ብሎ ሳቀ። የፋርማሲዋ ልጅ አልሳቀችም። መሬቱ ላይ በጫማዋ መስመር ጭራ፣ ‹‹ና፣ ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ በዚህ ላይ ሂድ›› አለችው። ሦስተኛው እርምጃ ላይ እንደ ተቆረጠ ዛፍ በጎኑ ወደቀ። ከዚያ የሷን ስም ሳይሆን የእህቱን ስም ጠራ።

ሹፌራችን አርባዎቹ ውስጥ ያለ የአካባቢው ሰው ነው። በነሱ ወግ ‹‹ባያ›› እንለው ነበር፤ ወንድሜ እንደማለት። ሲጋራውን ጥሎ፣ ‹‹ኒቼ! ኒቼ!›› አለ። ወደ ታች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የሳርቹ ወጥመድ። ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት ግድ ነው። ወደ ኋላ ብትመለስ ከ4,800 ሜትር በላይ የሆነውን ባራላቻን ትሻገራለህ፤ ወደ ፊት ብትሄድ ከ5,000 በላይ የሆኑ በሮች ይጠብቁሃል፣ ሌህም 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ያ የሳቀው ልጅ፣ ‹‹ሌህ ትልቅ ሆስፒታል አለ፤ ወደ ፊት እንሂድ፤ ጉዞውም አይበላሽም›› አለ። ሌላው ደገፈው። ልክ ድምፅ ልንሰጥ ስንል ባያ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ወደ ኋላ ካልሆነ መኪናው አይነሳም! የያዛትን ትንሽ የኦክስጅን ጠርሙስ አፍንጫው ላይ አድርገንለት፣ ባራላቻን ሽቅብ ወጥተን፣ ቁልቁል ኬይሎንግ ወረድን። 3,080 ሜትር ገደማ፤ የወረዳው ሆስፒታል ያለባት ከተማ። ኦክስጅንና መርፌ ሰጡት። ማታ ላይ የሁላችንንም ስም ጠራ፤ የሷንም። በማግስቱ ሾርባ ጠጣ። ሐኪሙ ግን ቁርጡን ነገረው፤ በዚህ ጉዞ ዳግመኛ ወደ ላይ የለም።

እንግዲህ ያኔ ነው ‹‹አንቺ ሂጂ›› ያለው። በሦስተኛው ቀን፣ ሁላችንም ፊት። እሷ ‹‹አልሄድም›› አለች፣ አንድ ጊዜ። እሱም ‹‹ሂጂ አልኩሽ፤ ይኼ ሁሉ ያንቺው ሐይቅ ነው›› አለ። የፋርማሲዋ ልጅ ‹‹እኔ እቀራለሁ፤ መድኃኒቱን የማውቀው እኔ ነኝ›› አለች። እሷ ሄደች።

ለሊቱን 10 ሰዓት ተነስተን፣ ሳርቹ ሳናድር፣ ማታ ሌህ ለመድረስ ገሰገስን። ከሳርቹ አለፍ ብሎ ጋታ የሚባል 21 ጥምዝምዝ ያለው ዳገት አለ። እዚያ ላይ የውኃ ጠርሙስ የተከመረበት ትንሽ መካነ ጸሎት መሰል ነገር ታያላችሁ። ሹፌሮች እንደሚያወሩት፣ የከባድ መኪና ረዳት ታሞ፣ ሹፌሩ እርዳታ ፍለጋ ትቶት ሄዶ፣ በረዶ መንገዱን ዘግቶበት እስኪመለስ ልጁ ሞቶ ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ መንፈሱ አላፊ አግዳሚውን ውኃ ይለምናል ነው የሚባለው። እውነት ይሁን ተረት፣ መንገደኛ ሁሉ ውኃና ሲጋራ ያስቀምጥለታል። ባያ ይህን ሲነግረን እሷ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ወርዳ፣ የያዘችውን ውኃ በሙሉ አስቀምጣ ተመለሰች። እስከ ሌህ ድረስ አልጠጣችም።

ሐይቁ እንዴት ነው? ያምራል፤ ምን ይባላል! ከ4,200 ሜትር በላይ ላይ፣ 134 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጨዋማ ውኃ፤ አብዛኛው በቻይና በኩል ነው። ዳርቻው ላይ የፊልሙን ቢጫ ስኩተር መስለው የተሠሩ ሞተሮች ለፎቶ ይከራያሉ። እሷም ተነሳች። ፈገግ ብላ። ሌህ ተመልሰን ዋይፋይ ስናገኝ ላከችለት። ጉዱን ያመጣችው ያቺ ፎቶ ናት። ‹‹እኔ ሞቼ ተርፌ እሷ ስኩተር ላይ ትስቃለች›› አለ። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ወሬው ሌላ መልክ ያዘ፤ ‹‹እጮኛዋን ለሌላ ሴት ትታለት ሄደች›› ተባለ። የፋርማሲዋ ልጅ ለሁለት ሌሊት ምስርና ሩዝ አብልታው፣ በአውቶቡስ ዴልሂ ይዛው ወረደች፤ ይኸው ነው ታሪኩ። ደግ የሠራ ሰው ስሙ ይጠፋል አገራችን ውስጥ።

እኔ ከማን ጋር ነኝ? ከሷ ጋር። ሦስት ጊዜ ጠይቃ ሦስት ጊዜ የተዋሸች ሰው፣ አራተኛውን ‹‹ሂጂ›› ውሸት ነው ብላ እንድትገምት ማን ግዴታ ጣለባት? ባለፈው ሰሞን እሱ ደውሎልኝ ነበር። ‹‹ሂጂ ያልኳት እንድትቀር ነበር እኮ›› አለኝ። ‹‹ታዲያ ለምን ቅሪ አላልካትም?›› ብለው ዝም አለ። ወንዶቻችን ይህ ዝምታ ክብር ይመስለናል፤ ራስ ምታቱንም የደበቀው ያው ዝምታ ነው። ለሷም ብነግራት አልጠላም፣ ፎቶዋን አንድ ሳምንት ማቆየት ትችል ነበር።

አሁን አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በቡድን ተራራ መውጣት ፋሽን ሆኗል፤ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳ ያልያዘ ወጣት የለም። ለሰሜን ተራሮችም ሆነ ለባሌው ሳነቲ የሚሠራ ነገር ነውና ስሙኝ። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ፣ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ፤ በየሦስት አራት ቀኑ እዚያው እረፉ። ቀን ከፍ ብላችሁ ወጥታችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ ብትተኙ ችግር የለውም፤ ዋናው የመኝታው ነው። አሴታዞላሚድ የሚባል አስቀድሞ የሚወሰድ ኪኒን አለ፤ ሐኪም ሳያይ እንዳትጀምሩት፣ በተለይ ሰልፋ የማይስማማችሁ። ጣት ይነዘንዛል፣ ሽንት ያበዛል፣ ኮካ ኮላ ጣዕሙን ያጣባችኋል። የእንቅልፍ ኪኒንና መጠጥ እዚያ ላይ የለም። ራሱን ያመመው ሰው ከፍ አይልም፤ መሄድ የተሳነው ሰው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል፤ ለዚህ ድምፅ አይሰጥም። ታማሚው ‹‹ደህና ነኝ›› ቢልም አይሰማም፤ አንጎሉ ነዋ የታመመው! ማን ከታማሚው ጋር እንደሚቀርም ቤት ሳላችሁ ተነጋገሩ፤ ስታኮርፉ ሳይሆን ስትስቁ። ላዳክ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ለፓንጎንግና ለኑብራ የውጭ ዜጋ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሌህ ውስጥ በተመዘገበ ወኪል በኩል ይወጣል፣ ብቻህን አይሰጥህም፣ ቢያንስ ሁለት መሆን ግድ ነው።

የመኪናው ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ወደ ኬይሎንግ የተመለስንበት ኪራይ ለስድስት ይካፈል የሚሉ አሉ፤ ያ ‹‹ጠጥቶ ነው›› ብሎ የሳቀው ልጅ ደግሞ ‹‹የታመመው ይክፈል›› ይላል። የሷን ድርሻና የኔን ከፍለናል። ባያ ግን ከማንም ጉርሻ አልጠየቀም፤ ቁልፉን ስለ ነቀለበት ጠዋት ብቻ ለብቻው ትንሽ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱን ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም።