ሞተር ሲወለወል ጥንቃቄ አይጓደል





በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ሰፈሮች ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የሚዘዋወር ሰው፥ የቢሮ ልብሱን አውልቆ፣ የአውቶሞቢሉን ኮፈን ከፍቶ፣ የሞተሩን የአልሙኒየም ክዳን የሚወለውል የመንግሥት ሠራተኛ ማየቱ አይቀርም። አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው «የተማረ ሰው እንዴት እንደ ጋራዥ ልጅ በዘይት ይጨማለቃል?» እያሉ ሲዘባበቱ ሰምቻለሁ። እኔ የኬሚስትሪ መምህር እንደ መሆኔ መጠን የምነቅፈው መወልወሉን ሳይሆን አወላወሉን ነው።

ሥራው ራሱ የሚያስከብር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛውን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ እጁን ስላቆሸሸ ሊሳቅበት አይገባም። ከዚህም በላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን አሮጌ አውቶሞቢል ተንከባክቦ ማቆየት ለብዙ ቤተ ሰብ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። በጠራ ሞተር ላይ የዘይት ፍሳሽና ስንጥቅ ቶሎ ይታያል፤ እድፍ በለበሰ ሞተር ላይ ግን ጉዳቱ ተሸሽጎ ይከርማል።

የሚያስፈራው ግን ቶሎ ለመጨረስ ሲባል የሚደረገው ነገር ነው። አልሙኒየም አየር ሲነካው ወዲያውኑ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ከመበላት የሚጠብቀውም ይኸው ሽፋን ነው። ኮስቲክ ሶዳ ይህን ሽፋን ገፎ አልሙኒየሙን እየበላ፥ ሃይድሮጂን የተባለውን በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። አንድ ጎረቤቴ የሞተር ክዳን በሶዳ ዘፍዝፎ ቢያሳድር፥ ጠዋት ያገኘው የጠቆረና የተቦረቦረ ዕቃ ነው። ፈሳሹ ልጆች ከሚጫወቱበት በረንዳ ላይ እንደ ነበረ ሳስብ፥ የክዳኑ ጉዳት ቀላል መስሎ ይታየኛል፤ ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ሊያጠፋ ይችላልና።

ሁለተኛው አደጋ ብናኙ ነው። በመኪና መሞረጃ የሚነሣ የአልሙኒየም ብናኝ በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ ሲበዛ እንደ ባሩድ ይፈነዳል። በቻይና አገር በኩንሻን ከተማ የአውቶሞቢል ጎማ ቸርኬ በሚወለወልበት ፋብሪካ ሐምሌ 26 ቀን 2006 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ብናኝ ፈንድቶ የ146 ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል። በቤት የሚነሣው ብናኝ ጥቂት ቢሆንም፥ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም በተዘጋ ክፍል መሥራት አይገባም። የዛገ ብረት በተሞረደበት ድንጋይ ላይ አልሙኒየም መሞረድም ክልክል መሆን አለበት፤ ዝገትና የአልሙኒየም ብናኝ ተቀላቅለው ሲቀጣጠሉ የባቡር ሐዲድ ለመበየድ የሚበቃ ሙቀት ይሰጣሉና። አሮጌ ቮልስዋገን ያላቸውም የሞተራቸው ዋና አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ መሆኑን ይወቁ፤ ማግኒዚየም በእሳት ከአልሙኒየም ይብሳል። እንዲህ ያለው እሳት ከተነሣ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የሚዳፈነው በደረቅ አሸዋ ነው።

ደኅናው መንገድ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ገንዘብ አይፈልግም። ዕቃው ከሞተሩ ተፈትቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ በውሃ የሚሠራውን ብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 320 ጀምሮ በ400፣ በ600፣ በ1000 እያሉ እስከ 1500 ማድረስ ነው። በውሃ ሲሠራ ብናኙ አይነሣም። ወረቀቱ በተለወጠ ቁጥር የእጁን አቅጣጫ አዙሮ የፊተኛው ጭረት እስኪጠፋ መፈተግ ያስፈልጋል፤ ይህን የዘለለ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው የሚያብረቀርቅ ጭረት ብቻ ነው። በመጨረሻ ብራሶ ወይም ሌላ የመወልወያ ቅባት በለስላሳ ጨርቅ ይታሻል። ጓርኒሲዮን የሚያርፍበት ፊት ግን ፈጽሞ አይነካ፤ ጥቂት ቢጎድል ዘይት ያፈስሳልና። ዕቃው ከመመለሱም በፊት በሚገባ ይታጠብ፤ ዘይት ውስጥ የገባ አሸዋ ሞተሩን ከውስጥ ይፈጨዋል።

ስለዚህ በየጋራ መኖሪያ ቤቱ ያሉት የነዋሪዎች ማኅበሮች በግቢያቸው ጥግ ውሃ ያለበትን አንድ ገላጣ ሥፍራ ለእንዲህ ያለው ሥራ ቢለዩ፥ በረንዳውና ደረጃው ከአደጋ ይድናል፤ በጎረቤትም መካከል ጠብ አይነሣም። አባቶችም ልጆቻቸውን ከአጠገባቸው አቁመው የወረቀቱን ቁጥር ቢያስቆጥሩ፥ እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማስተምረውን እነርሱ በእጃቸው ይማሩታል። እጅ የሚሠራውን አእምሮ ሲያውቀው፥ ሥራውም ሠሪውም ይከበራሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከገርጂ፤ አዲስ አበባ