ለቤተሰብ የመጀመሪያ ቴሌስኮፕ የትኛው የዐይን ሌንስ?



በዚህ ወር ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ እናወጋለን። ትንሽ ትሁን እንጂ በእርሷ ሰበብ ስንት ቴሌስኮፕ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል!

የእኛም ቤት ታሪክ ይኸው ነበር። ከዐረብ አገር የመጣ ዘመዳችን መስታወቱ 76 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ለልጆቻችን አመጣላቸው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ተጽፎበታል። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ተሰለፉ። እኛም በጣም የሚያጎላውን ሌንስ ገጥመን ወደ ጨረቃ አዞርነው። የታየን ግን የሚንቀጠቀጥ ጭጋግ ብቻ ነበር። ታናሿ ልጃችን «አባ፣ ተበላሽቷል እንዴ?» አለች። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ የተሳሳትነው በሌንሱ ምርጫ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን የሚሰበስበው ትልቁ መስታወት ሲሆን፣ ምስሉን አጉልቶ የሚያሳየን ዐይናችንን የምናስጠጋበት ትንሹ ሌንስ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ለማወቅ የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት ለሌንሱ የትኩረት ርቀት ማካፈል ነው። የእኛ ቴሌስኮፕ 700 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በ20 ሚሊሜትር ሌንስ 35 ጊዜ፣ በ4 ሚሊሜትር ሌንስ 175 ጊዜ ያጎላል። በዚህ ላይ ባርሎው የሚባለው ባለ ሦስት እጥፍ ማጉያ ሲጨመር ያ 525 ይገኛል።

ሒሳቡ ውሸት አይደለም፤ ጥቅም ግን የለውም። መስታወቱ የሰበሰበው ብርሃን ያው ስለሆነ፣ ምስሉ በተለጠጠ ቁጥር ይደበዝዛል። በልምድ የሚታወቀው ወሰን ለአንድ ሚሊሜትር የመስታወት ስፋት ሁለት ጊዜ ነው፤ ለእኛው 150 ገደማ መሆኑ ነው። በተጨማሪም መሬት ስለምትዞር፣ በ175 ጊዜ ማጉላት የሚታየው ነገር በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከዕይታ ይወጣል። ልጅ ተራው ደርሶት ዐይኑን እስኪያስጠጋ አይጠብቅም።

ታዲያ ምን እንግዛ? በቅድሚያ የሌንሱን መሰኪያ ለኩ። 31.7 ሚሊሜትር (1.25 ኢንች) ከሆነ ምርጫው ሰፊ ነው፤ 24.5 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ጥሩ ሌንስ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ ፕሎስል ከሚባለው ዓይነት ሁለት ይበቃሉ፤ አንድ ባለ 25 እና አንድ ባለ 10 ሚሊሜትር።

ባለ 25ቱ በእኛ ቴሌስኮፕ 28 ጊዜ ያጎላል። ሙሉዋን ጨረቃ፣ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎችና ሱረያ የተባሉትን ከዋክብት ያሳያል። አል-ሱፊ በ964 አካባቢ በመጽሐፉ የመዘገባትን የአንድሮሜዳን «ትንሽ ደመና» ጨለማ ካለበት ቦታ ሆናችሁ ልታዩባት ትችላላችሁ። ባለ 10ሩ ደግሞ 70 ጊዜ ያጎላል፤ የሳተርንን ቀለበትና የጨረቃን ጉድጓዶች ያሳያል። ምንጊዜም በባለ 25ቱ ፈልጋችሁ ካገኛችሁ በኋላ ወደ ባለ 10ሩ እለፉ። ለአያቶችና መነጽር ለሚያደርጉም ባለ 25ቱ ይመቻል፤ ዐይንን በጣም ማስጠጋት አይጠይቅምና።

አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ። ከአንዳንድ ቴሌስኮፕ ጋር በዐይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዝ፣ ለፀሐይ ማያ የተባለ ጥቁር መስታወት ይመጣል። ዛሬውኑ ጣሉት! የፀሐይ ሙቀት እዚያው ላይ ስለሚከማች ድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ዐይንም በቅጽበት ይጠፋል። የረመዷንን ወይም የሸዋልን ሂላል በቴሌስኮፕ የምትፈልጉም፣ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ወደ ምዕራብ አታዙሩት። ልጆችንም ከቴሌስኮፑ ጋር በቀን ብቻቸውን አትተዉአቸው።

እኛ ባለ 25ቱን ገዝተን ከገጠምን በኋላ መጀመሪያ ያየችው ያችው ታናሿ ልጃችን ነበረች። ዝም ብላ ቆየችና «ማሻአላህ! ጨረቃ ለካ ተራራ አላት!» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ 525 የጠየቀን የለም።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።