የደከመውን ልጅ ማን ይዘለው?



ባለፈው ጥር ውጭ አገር የሚኖረው የመጀመሪያ ልጄ ለእረፍት መጥቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማለዳ እሱ፣ የሁለት ዓመቷ ሴት ልጁና እኔ በእንጦጦ ባሕር ዛፎች መካከል በእግር ለመሄድ ተነሣን። ልጄ ትልቅ ቦርሳ አዝሏል። ስንቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የልጅ ማዘያ ኖሯል። ቀላል የብረት ፍሬም፣ መቀመጫ፣ የትከሻ ማንገቻና ሰፊ የወገብ ቀበቶ አለው።

የልጅ ልጄ መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ፍሬ እየለቀመች ደስ ብሏት ሄደች። ዳገቱ ሲበረታ ግን ቆመችና እጆቿን ወደ አባቷ ዘረጋች። እኔም ሽማግሌ አይደለሁ? "ትንሽ ትራመድ እንጂ! ከአሁኑ አታሞላቅቃት" አልኩት። ልጄ ማዘያውን እያወረደ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ "አባዬ፣ እኔ እኮ ያን ጊዜ እውነትም ደክሞኝ ነበር" አለኝ።

"ያን ጊዜ" ያለው መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አውቀዋለሁ። ከ26 ዓመት በፊት፣ በዚሁ ተራራ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤተሰቦች ጋር ስንወጣ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ደክሞት መንገድ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እናቱ ታናሽ እህቱን አዝላለች። እኔ ወጣት አገልጋይ ነበርኩ፣ ምእመናንም ያዩኛል። "ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ? በርታ!" እያልኩ በእጁ ጎተትኩት። ልጅ ማዘል የእናት ሥራ ነው፣ ለአባት ነውር ነው ብዬ አስብ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህ አስተሳሰብ ከባህላችን እንጂ ከቃሉ አልመጣም። ዘዳግም 1፥31ን ተመልከቱ። ሙሴ እግዚአብሔር ሕዝቡን በምድረ በዳ እንዴት እንዳመጣ ሲናገር ያነጻጸረው ልጁን ከሚሸከም ሰው ጋር ነው። በዕብራይስጡ "ኢሽ" ይላል፤ ወንድ ማለት ነው። አባት ልጁን ሲሸከም ለሙሴ ነውር ሳይሆን የእግዚአብሔር ምሳሌ ነበር። "ተሸከመ" የሚለውም ቃል "ናሣ" ነው፤ ኢሳይያስ 53፥4 ስለ መከራችን ተሸካሚ ሲናገር የሚጠቀምበት ያው ግስ ነው። ሙሴ ይህን የተናገረውም ለብርቱዎች አልነበረም፤ በቃዴስ በርኔ ፈርተው አንወጣም ላሉ ሰዎች ነው።

"ልጅ ካልተራመደ እንዴት ይጠነክራል?" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ መራመድ አለበት። የልጅ ልጄ በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ወርዳ ተራምዳለች። ያረፈ ልጅ ራሱ "አውርደኝ" ይላል። የተጎተተ ልጅ ግን የሚማረው ድካሙን መደበቅ ነው።

ስለዚህ አባቶች ሆይ፣ እዘሉ። በእናቶቻችን አንቀልባም ይሁን በዘመኑ ማዘያ። ቦርሳ መሰሉን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ልጁ ራሱን ችሎ መቀመጥ የሚችል ይሁን። ማዘያው ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክ አትለፉ። ክብደቱ ትከሻ ላይ ሳይሆን ዳሌ ላይ እንዲያርፍ የወገቡን ቀበቶ አስቀድማችሁ አጥብቁ። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ሲገጥማችሁ በጉልበታችሁ በርከክ በሉ እንጂ ወደ ፊት አታጎንብሱ። ደግሞም እናንተ ዳገቱን ስትወጡ ያልባችኋል፣ ተቀምጦ የሚሄደው ልጅ ግን ይበርደዋል፤ እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ኮፍያና ጃኬት አትርሱ።

ይህን ሳስብ አገልግሎቴ ታወሰኝ። ሥራ ያጣው፣ ሐዘን የሰበረው፣ መጸለይ ያቃተው ወገን ወደ ቢሮዬ ሲመጣ ስንቱን "በርታ፣ ጸልይ" ብዬ ሸኘሁት? ቃሉ ትክክል ነበር፤ ጀርባዬን ግን አልሰጠሁትም። ያዕቆብ ልጆቹ ገና ለጋዎች መሆናቸውን ለዔሳው ነግሮ፣ በእነሱ እርምጃ ልክ በዝግታ ለመሄድ ወሰነ (ዘፍጥረት 33፥13-14)። እኛ ግን ጉባኤውን የምንመራው በፈጣኖቹ እርምጃ ነው፤ የቀሩትን ዞረን የምናያቸው ከቀሩ በኋላ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቅ ብሎ "እሺ፣ አባዬ፣ መመለሻ ላይ አንተ እዘላት" አለኝ። አዘልኳት። ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እግዚአብሔር እስከ ሽበት ድረስ እንደሚሸከመን ኢሳይያስ 46፥4 ይነግረናል። ሽበቴን ይዤ፣ ተሸክሞኝ እዚህ ያደረሰኝን አመሰገንሁ።

በዚህ ሳምንት በቤታችሁም ሆነ በጉባኤያችሁ እጁን የዘረጋ አለ። "በርታ" ከማለታችሁ በፊት በርከክ በሉ።

ጌታ ይባርካችሁ።