ከመሄድ መቆም ይበልጣል
የፍሬን ሸራና ዲስክ በቤት ስለ መለወጥ

በ1900 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ ሰውን ያስደነቀው ያለ ፈረስና ያለ በቅሎ መሄዱ ነበር። ለባለቤቱና ለቤተ ሰቡ ግን ከመሄዱ ይልቅ መቆሙ ይበልጣል። የማይሄድ መኪና ከደጅ ያስቀራል፤ የማይቆም መኪና ግን ከገደል ያደርሳል።

መስከረም 17 ቀን የሚከበረው የመስቀል በዓል ሲቃረብ፥ የጉራጌ ተወላጅ ከያለበት ወደ አገሩ ይጓዛል። አባትና እናት፥ ልጆችና ስጦታው ሁሉ በአንድ መኪና ተጭነው፥ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ 150 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ወደ ቡታጅራም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ከወልቂጤ አልፎ በጅማ መንገድ ለሚሄድ ሰው ደግሞ የጊቤ ሸለቆ ረጅም ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ፍሬን ልንነጋገር ወደድን።

እኛም ለዚሁ በዓል ወልቂጤ ከወዳጃችን ቤት በገባን ጊዜ፥ የቤቱ እመቤት ከደጅ ቆመው፥ «መኪናዎ ቢላዋ እንደሚስል ሰው ይፋጫል፤ ምን ሆኖ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ድምፁን እኛም ሰምተን፥ «ከበዓል በኋላ ይታያል» እያልን አቆይተነው ነበር። ጎማውን ብንፈታው ሸራው ፈጽሞ አልቆ፥ ብረቱ ዲስኩን እንደ እርሻ ትልም አርሶት አገኘነው። በማግሥቱ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ጊቤ ልንወርድ ነበር። ጉዞውን አስቀርተን ቀኑን በወዳጃችን ግቢ ስንፈታና ስናስር ዋልን።

የፍሬን ሥራው እንዲህ ነው። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይት ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሁለቱን ሸራዎች ከዲስኩ ግራና ቀኝ ያጣብቃቸዋል፤ የመኪናውም ሩጫ በመፋተግ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚወገደው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በቁልቁለት ፍሬን ረግጦ ከመቆየት ይልቅ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

የሸራው ውፍረት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ መለወጥ ይገባዋል። የዲስኩ ትንሹ ልክ ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከዚያ ቢሳሳ ወይም ቢሰነጠቅ ይለወጣል። ግራና ቀኙም ሁልጊዜ አብሮ ይለወጥ፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል።

ለሥራው መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ፥ የማይነሡትን ጎማዎች በእንጨት መደገፍ ያስፈልጋል። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ሳለ ያላሉ፤ ከዚያም በክሪክ አንሥተው በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ ያሳርፉት። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለምና፥ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ክንድን እንኳ ማግባት አይገባም።

ጎማው ከወጣ በኋላ ካሊፐሩ ይፈታል፤ በቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ ይታሰር። ሸራው፥ መያዣውና ዲስኩ በተራ ይወጣሉ። ብናኙን በአፍ መንፋት አይገባም፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ነገር ይገባ ነበርና፥ በርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የዲስኩ መቀመጫ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፤ በአዲሱ ዲስክ ላይ የተቀባው ዘይትም ፈጽሞ ይወገድ። ፒስተኑ ቀስ ተብሎ ወደ ውስጥ ሲመለስ የፍሬን ዘይቱ ከዕቃው ሞልቶ እንዳይፈስ ይጠንቀቁ፤ የመኪናውን ቀለም ያበላሻል። ብሎኖቹም ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ይጥበቁ።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ፥ ከመንቀሳቀስ አስቀድሞ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ ግዴታ ነው። ይህን የረሳ ሰው እግሩ ከወለል፥ መኪናውም ከአጥር ይደርሳል። ቀጥሎም ጭር ባለ መንገድ ከመጠነኛ ፍጥነት ቀስ እያሉ ደጋግሞ በመያዝ አዲሱን ሸራ ከዲስኩ ጋር ማለማመድ ይገባል።

ቱቦው ዘይት ቢያፈስ፥ ፔዳሉ እየላላ ቢሄድ፥ ወይም የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሆኖ የኋላው ሸራ የሚለወጥ ቢሆን፥ ሥራውን ለመካኒክ መተው ዕውቀት እንጂ ሽንፈት አይደለም።

እጅን በዘይት ማሳደፍ ለባለ ማዕረግ ነውር የሚመስለው ቢኖር፥ በበቅሎ የሚጓዙ አባቶቻችን የኮርቻውን ጥብቀት በእጃቸው ይዳስሱ እንደ ነበር ያስታውስ። ልጅዎንም ከጎንዎ አቁመው ዳዶ ያቀብልዎ፤ ሲያድግ የራሱን ልጆች ይዞ ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳልና።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ የሚፋጭ ድምፅ የሰማ ሁሉ ከበዓሉ በፊት ጎማውን ይፍታ። መልካም ጉዞ እንመኛለን።