ክብደት የሌለው ገመድ ከየት ይገዛል?

በፊዚክስ ትምህርታችን «ገመዱ ክብደት የለውም፤ አይለጠጥም፤ ፑሊውም ክብደትና ሰበቃ የለበትም» የማይል የፑሊ ጥያቄ ማግኘት ያስቸግራል። እኛም ቃሉን እንደ ጸሎት መክፈቻ አልፈነው ወደ ሒሳቡ እንሮጣለን። ለምን ተባለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገመዱ ካልተለጠጠ በሁለቱ ጫፍ የታሰሩት ዕቃዎች እኩል ይፈጥናሉ። ክብደት ከሌለው ውጥረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። ፑሊውም ክብደትና ሰበቃ ከሌለው በግራና በቀኝ ያለው ውጥረት እኩል ይሆናል። ስለዚህ ቃሉ ውሸት ሳይሆን የሒሳብ ማቅለያ ነው። ይሁን እንጂ እንግሊዛዊው ሊቅ ጆርጅ አትውድ፣ እ.ኤ.አ. በ1784 ያስተዋወቀውን የፑሊ መሣሪያ ሲሠራ፣ ሰበቃን በቃል ብቻ አልሰረዘውም፤ የፑሊውን ዘንግ በትንንሽ መንኰራኵሮች ላይ አሳርፎ ሊቀንሰው ደከመ እንጂ።

ሰበቃ ባይኖር ምን እንደሚሆን ለመረዳት እኛ ሐረር ያለን ተማሪዎች እስከ ሸዋ በር ብንሄድ ይበቃናል። ከጀጎል ቅጥር ውጭ ባለው ገበያ በአህያ ላይ የሚታሰረውን ጭነት የያዘው ሰበቃ ነው። በደብተር የምንሥለው ገመድ ለጫኚው ቢሰጠው ቋጠሮው ሁሉ ተፈቶ ጭነቱ መሬት ላይ በወደቀ ነበር።

ደግሞ አንድ ግንበኛ ፑሊ አጥቶ 50 ኪሎ ድንጋይ ለማውጣት ገመዱን በማይዞር ክብ ግንድ ላይ ቢያሳልፍስ? በደብተር ሒሳብ የ50 ኪሎ ክብደት ያህል ቢጐትት ይበቃዋል። ነገር ግን የሰበቃው መለኪያ 0.3 ቢሆንና ገመዱ ግንዱን በግማሽ ዙር ቢያቅፍ፣ የ128 ኪሎ ክብደት ያህል መጐተት ያሻዋል። ቀስ አድርጎ ሲያወርደው ግን 20 ኪሎ ያህል ይበቃዋል። ያው ሰበቃ ሲወጣ ጠላት፣ ሲወርድ ወዳጅ ነው። ገመዱ ለ50 ኪሎ ተብሎ የተመረጠ እንደ ሆነ ግን፣ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ከሥር የቆመው የቀን ሠራተኛ ነው።

አስተያየታችን አጭር ነው። ቀላሉ ጥያቄ አይቅር፤ እርሱን ሳያውቁ ወደ ከባዱ መድረስ አይቻልም። ዳሩ ግን ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «ሰበቃው ቢመለስ ውጥረቱ በየትኛው ወገን ይበልጣል? ስንት እጥፍ?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። መምህራኖቻችን ባይጠይቁን እንኳ ራሳችንን እንጠይቅ። ነገ መሐንዲስ ተብለን ለሠራተኛ ገመድ ስናስይዝ፣ ከሒሳባችን ውስጥ ምን እንደ ተውን ልናውቅ ይገባናል።