ቤት ስንለቅና ቤት ስንገባ

ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በታረቀ ጊዜ ዔሳው አብረን እንጓዝ ቢለው፣ ልጆቹ ገና ለጋ እንደ ሆኑ፣ መንጎቹም እንደሚያጠቡ አመልክቶ፣ እርሱ በሕፃናቱ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ መከተልን መረጠ (ዘፍጥረት ምዕራፍ 33)። ቤት ለመለወጥ የሚያስብ ሁሉ ከዚህ ሊማር ይገባዋል፤ ጉዞ የሚለካው በቤተ ሰቡ አቅም ነውና።

በዚያው ከተማ ከሠፈር ወደ ሠፈር ለሚዛወር ሰው ጋሪና ጎረቤት ይበቁታል። ነገር ግን ቅርብ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ምጣድና እንስራ ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት በቅርብ መንገድ ነው፤ ጭድ ሳይጐዘጐዝላቸው ይጫናሉና።

ከደባርቅ ወደ ዳባት፣ ወይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ጎንደር ለሚሄድ ግን የጭነት መኪና ያስፈልገዋል። ባለመኪናውን አስቀድሞ ቤት ድረስ ጠርቶ ዕቃውን ማሳየት፣ ዋጋውንም በምስክር ፊት በጽሑፍ መቁረጥ ይገባል። እኛ በአንድ ወቅት የመኪናውን ኪራይ ብቻ ተዋውለን ስንደርስ፣ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ለብቻው ተጠየቅን፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ልጆቻችን በዝናብ ቆሙ። ስለዚህ የሚጭነው ማን እንደ ሆነ፣ የሚያወርደውም ማን እንደ ሆነ፣ ክፍያውም በማን ላይ እንደሚወድቅ ከመነሣት በፊት ይታወቅ።

ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር የሚወርድ ሰው ደግሞ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ብቻ አይቍጠር። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ገደል ለገደል የሚወርድ ነውና፣ የመኪናው ፍሬን ይመርመር፤ ጭነቱ በገመድ ይጥበቅ፤ በጭነት ላይም ሰው አይቀመጥ። ጭጋግና ዝናብ የሚበዛበት ክረምትም ቢያልፍ ይመረጣል። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ግን፣ ከባዱን ዕቃ እዚሁ ሸጦ ገንዘቡን መያዝ ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ይሻላል።

ይሁን እንጂ መኪና የማይጭነው ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከግጭ መንደር 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ለቅርሱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የገብስ ማሳንና የግጦሽ ሜዳን፣ የአባቶችንም መቃብር በየትኛው መኪና ይጭኑታል? እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በእምነት ከእኛ የተለዩ ናቸው። አብርሃም ግን በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን ሲቀበል አስቀድሞ ውኃና እንጀራ አቀረበ እንጂ ማንነታቸውን አልመረመረም። አዲስ ጎረቤት በገባ ቀን ቡና አፍልቶ መጥራት የእኛ ዕዳ ነው።

በመጨረሻም፣ ቅዱሳት ሥዕላትና ዳዊት፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃና የቀበሌ መሸኛ ከዕቃ ጋር ሳይቀላቀሉ በእጅ ይያዙ። ከመነሣት በፊት የንስሐ አባትን መሰናበት፣ በደረሱበትም አጥቢያ ለሰበካ ጉባኤው መታወቅ አይዘንጋ። አብርሃም በየደረሰበት መሠዊያ ይሠራ ነበርና፣ በአዲሱ ቤት ከአልጋው በፊት ጸሎት ይዘርጋ።

መውጣታችሁንና መግባታችሁን እግዚአብሔር ይባርክ።