ገመዱን ለሰው ተዉት

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ማማቸው ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው የተቀዳ ደወል ያሰማሉ። «ሰው ለምን ይደክማል? ማሽን ይሥራው» ነው ነገሩ። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ የሰውን ድካም ለማሽን መስጠት ሥራዬ ነው። በዚህኛው ግን አልስማማም።

የእንግሊዝን የቆዩ ማማዎች እንውሰድ። እዚያ ደዋዮች ዜማ አይጫወቱም። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገመድ ይይዝና በየዙሩ የደወሎቹን ተራ ይቀያይራሉ፤ አንዴ የተደወለ ቅደም ተከተል አይደገምም። ሰባት ደወል 5,040 ቅደም ተከተል አለው፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስምንት ደወል ሲሆን 40,320 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1963 በሎውቦሮ የደወል ፋብሪካ ማማ ስምንት ሰዎች ይህን ሁሉ ሳይተካኩ ደውለው ጨረሱ፤ 17 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ፈጀባቸው። ወረቀት ማየት አይፈቀድም፣ ሁሉም በቃል ነው።

ላፕቶፔ ይህን ዝርዝር ዓይን እስኪጨፈን አውጥቶ ይጨርሳል። ታዲያ ምን ይጠበስ? ደወል እኮ ዝርዝር አይደለም። ከገመዱ ጫፍ ሰው አለ የሚል ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940 ብሪታንያ የጀርመንን ወረራ ለማስጠንቀቅ ካልሆነ በቀር የቤተ ክርስቲያን ደወል እንዳይደወል ከለከለች። ትእዛዙ ትርጉም የነበረው ሕዝቡ ደወሉን ስለሚያምን ነው፤ ከተደወለ፣ አንድ ሰው የሆነ ነገር አይቷል ማለት ነው። እኛም አገር ደወል ያለ ሰዓቱ ከተሰማ «እሳት ነው? ምን መጣ?» ተብሎ ከቤት ይወጣል። በሰዓት የተሞላ ስፒከር ግን መንደሩ ቢቃጠልም ያንኑ ፋይል ያጫውታል። እሱን ሰምቶ የሚሮጥ ሰው የለም፣ ሊኖርም አይገባም።

«ደዋይ ጠፋ እኮ!» ትሉ ይሆናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ 1,400 ያህል ደዋዮች መታሰቢያ፣ እዚያው ብሪታንያ ያንኑ ያህል አዲስ ሰው ለማሠልጠን ጥሪ ተደረገ። ከታሰበው በላይ ሰው መጣ። ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው ጠሪ ነው።

ስለዚህ ለስፒከር ያዋጣችሁትን ገንዘብ ገመድ ግዙበት። የሰፈሩን ልጆች ጥሩና አስተምሩ። መጀመሪያ ይሳሳታሉ፣ ሰፈሩም ስህተታቸውን ይሰማል። ይስማ! ማማው ላይ ሰው እንዳለ የሚያውቀው እንደዚያ ነው።